ዲሽ ወይስ ኬብል? ከመክፈላችሁ በፊት፣ ከሰቀላችሁም በኋላ

ሰው ዲሽና ኬብልን ሲያነጻጽር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጥሩ ምስል ያለው የቱ ነው?» ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ ላሽ በሉት። ዛሬ ሁለቱም የሚያመጡላችሁ ዲጂታል ሲግናል ነው፤ በትክክል ከደረሰ ምስሉ ጥሩ ነው፣ ካልደረሰ ይቆራረጣል። ጥራቱን የሚወስነው ድርጅቱ ለቻናሉ የመደበለት የዳታ መጠን ነው። በሽቦ መጣ በሰማይ መጣ ለውጥ የለውም። በጠባብ ቦታ ብዙ ቻናል ከታጨቀ ኳስ ስታዩ ሣሩ ሣር መምሰሉ ይቀርና ተጫዋቹ በሮጠ ቁጥር እግሩ ስር አረንጓዴ ነገር ይተራመሳል። ይሄ የዲሽም የኬብልም ጥፋት አይደለም።

ትክክለኛው ጥያቄ «ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው?» የሚለው ነው። በኬብል ከሰማይ እስከ ግድግዳችሁ ያለው ጣጣ ሁሉ የድርጅቱ ነው፤ የእናንተ ድርሻ ከግድግዳው እስከ ቴሌቪዥኑ ያለችው ሽቦ ብቻ ናት። በዲሽ ግን ከሳተላይቱ በታች ያለው በሙሉ የእናንተ ነው፤ ምሰሶው፣ ቡሎኑ፣ ሽቦው፣ ጎረቤት የተከለው ዛፍ ሳይቀር። ለዚህ የምታገኙት ነፃነት ነው፦ ማንንም ሳትለማመጡ፣ ቴክኒሻን ይመጣል ብላችሁ ቀኑን ሙሉ በር በር ሳታዩ ራሳችሁ ታስተካክሉታላችሁ። መሰላል መውጣት የማይወድ ሰው ከዚህ ወዲያ ብዙ ማንበብ አያስፈልገውም፣ ኬብል ካለ ኬብል ያስገባ።

ለቀሪዎቻችን ታሪኩን ትንሽ ልንካው፣ ምክንያቱም የሁለቱም ድክመት ከአወላለዳቸው የመጣ ነው።

ኬብል የተወለደው ተራራ ስለከለለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ እንደ ፔንሲልቬኒያና ኦሪገን ባሉ ግዛቶች በተራራ የተከበቡ ትንንሽ ከተሞች የቴሌቪዥን ሞገድ አይደርሳቸውም ነበር። ማሃኖይ ሲቲ በምትባል ከተማ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር የነበረው ጆን ዋልሰን ከጀማሪዎቹ አንዱ ነው። ሲግናል በሌለበት ቴሌቪዥን ማን ይገዛል? ስለዚህ ተራራው ላይ አንቴና ተተከለ፣ ከዚያ በሽቦ ወደ ቤቶች ወረደ። እስከ ዛሬ የኬብል ነገር ይኸው ነው። አንድ ጥሩ አንቴና ለሁሉም፣ ሽቦው ሲበጠስ ደግሞ ጨለማው ለሁሉም።

ሳተላይቱ ሲመጣ የኬብል ጠላት ሆኖ አልመጣም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በ1975 መስከረም መጨረሻ ኤችቢኦ የተባለው የአሜሪካ የክፍያ ቻናል ማኒላ ላይ የተደረገውን የመሐመድ አሊና የጆ ፍሬዘር ቡጢ በሳተላይት ፍሎሪዳና ሚሲሲፒ ውስጥ ላሉ የኬብል ድርጅቶች አስተላለፈ፣ እነሱም በሽቦ ወደ ደንበኞቻቸው አደረሱት። ሳተላይቱ ጅምላ አከፋፋይ፣ ኬብሉ ቸርቻሪ ማለት ነው። በዓመቱ፣ በ1976፣ ቴይለር ሃዋርድ የሚባል የስታንፎርድ ሰው ቤቱ ዲሽ ሠርቶ ጅምላውን በቀጥታ ከሰማይ መቀበል ጀመረ። በ1979 ኒማን ማርከስ የተባለው የሀብታሞች መደብር የገና ካታሎጉ ላይ የቤት ዲሽ በ36,500 ዶላር አወጣ። ያኔ ዲሽ ማለት ግቢ የሚሞላ ሳህን ነበር።

እነዚህ ሰዎች ዲሽ ካላቸው በኋላ ቻናሉን በነፃ ነበር የሚያዩት። ኤችቢኦ በ1986 ጥር ላይ ሲግናሉን ቆለፈውና ገበያው ተናጋ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ሌሊት ራሱን «ካፒቴን ሚድናይት» ብሎ የጠራ ሰው በኤችቢኦ ስርጭት ላይ ገብቶ ለአራት ደቂቃ ተኩል ያህል የዋጋ ተቃውሞ መልእክት አሳየ። ኋላ ሲያዝ ፍሎሪዳ ውስጥ ዲሽ የሚሸጥ ነጋዴ ሆኖ ተገኘ፤ ሽያጩ ወድቆበት በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራበትን የማሰራጫ ጣቢያ ተጠቅሞ ነው ንዴቱን የተወጣው። 5,000 ዶላር ተቀጣ።

ትንሹ ዲሽ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አስትራ 1ኤ የተባለው ሳተላይት በ1988 ታኅሣሥ ተወነጨፈ፣ የእንግሊዙ የቴሌቪዥን ድርጅት ስካይ በ1989 የካቲት በዚሁ ሳተላይት ጀመረ፤ በ1994 ደግሞ የአሜሪካው ዳይሬክቲቪ 46 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሆነ ዲሽ ይዞ መጣ። ሳህኑ ያነሰው ሳተላይቱ ስለበረታና ፍሪኩዌንሲው ከፍ ስላለ ነው፦ ከ4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ወደ 12 አካባቢ፣ ማለትም ከሲ ባንድ ወደ ኬዩ ባንድ። ነገር ግን ፍሪኩዌንሲው ከፍ ሲል ዝናብ ይበላዋል። ሲ ባንድን ዝናብ ብዙም አይነካውም፤ ኬዩ ባንድን ግን ጥቁር ደመና ይዞ የመጣ ከባድ ዝናብ ድራሹን ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ሻጩ «ይቺ ትንሿም ትበቃለች» ሲላችሁ ፀሐይ ባለበት ቀን እውነቱን ነው። አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ሳህን ግዙ፣ ትርፉ የሚታወቃችሁ ሲዘንብ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። ገንዘብ ሳትከፍሉ በፊት ጣሪያ ላይ ወይም በረንዳ ላይ ቁሙና ሰማዩን እዩ። የቴሌቪዥን ሳተላይቶች የሚገኙት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ራቅ ብሎ ያለ ሰው ዲሹን ወደ ደቡብ አካባቢ ያዞራል፣ በስተደቡብ ያለ ወደ ሰሜን። ወገቡ አጠገብ ከሆናችሁና ሳተላይቱ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ብዙ ካልራቃችሁ ዲሹ ወደ ላይ ሽቅብ ያያል፣ ዛፍና ፎቅ ብዙም አያስቸግራችሁም። እየራቃችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ሳተላይቱ ወደ አድማስ ዝቅ ይላል፤ ያኔ ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ችግር ይሆናል። ስልክ ላይ የሚጫኑ የሳተላይት መፈለጊያ አፖች አሉ፤ ካሜራውን ወደ ሰማይ ስታዞሩት ሳተላይቱ የት እንዳለ ያሳያችኋል። እዚያ መስመር ላይ ቅርንጫፍ ካለ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ዛሬ ቅጠሉ ረግፎ ስላያችሁት አትሸወዱ፣ ቅጠል ሲያወጣ እርጥብ ግድግዳ ነው የሚሆንባችሁ።

ሰማዩ ከተከለለ ነገሩ አለቀ፣ ኬብል ነው። ሰማዩ ክፍት ከሆነ ደግሞ ሌሎች ነገሮች አሉ። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት አካባቢ ከሆነና ጄኔሬተር ወይም ባትሪ ካላችሁ ዲሽ ይሻላል። የኬብል ሲግናል መንገድ ላይ ባሉ ማጉያዎች ነው የሚጓዘው፤ እነሱም መብራት ይፈልጋሉና የመጠባበቂያ ባትሪያቸው ሲያልቅ እናንተ ቤት መብራት ቢኖርም ቴሌቪዥኑ ባዶ ነው። በተቃራኒው ብዙ ክፍል ውስጥ ብዙ ቴሌቪዥን ካለ ኬብል ይቀልላል። ኢንተርኔትም አብሮ በዚያው ሽቦ ከመጣ የኬብል ሚዛን ይደፋል። ቤቱ የኪራይ ከሆነ አከራዩን ሳታናግሩ ግድግዳ እንዳትበሱ።

ዲሽ ከመረጣችሁ ሥራው የሚጀምረው ከምሰሶው ነው፤ ሰው ሁሉ የሚቸኩለውም እዚሁ ላይ ነው። ምሰሶው ቀጥ ብሎ ካልቆመ ዲሹን ወደ ጎን ባዞራችሁት ቁጥር ከፍታውም አብሮ ይዛባል፣ ሲግናሉን ስታሳድዱ ትመሻላችሁ። ውሃ ልክ ያዙና በሁለት በኩል አረጋግጡ። ግድግዳ ላይ ከሆነ ፊሸሩ ወፍራም ይሁን፣ ሳህን ነፋስ ሲይዘው እንደ ሸራ ነው የሚጎትተው።

አቅጣጫውን በኮምፓስ ስትለኩ ከምሰሶው ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ብረቱ መርፌውን ያሳስተዋል። ከፍታውን ዲሹ ጀርባ ላይ ያለው ሚዛን ያሳያችኋል፤ በዓይን ግን አትገምቱት። አብዛኛው የቤት ዲሽ ኤልኤንቢው (ሳህኑ ፊት ለፊት ክንዱ ላይ ያለው ሲግናል ተቀባይ) ከመሃል ወደ ታች የወረደበት ዓይነት ነው፤ ሳህኑ ቀጥ ብሎ የቆመ ቢመስልም የሚያየው ከ20 ዲግሪ በላይ ወደ ላይ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሳህኑን ወደ ሰማይ አንጋሎ ግማሽ ቀን ይፈልጋል።

ከዚያ ሪሲቨሩ ላይ ሁለት መስመር ታያላችሁ፤ አንደኛው ጥንካሬ፣ ሁለተኛው ኳሊቲ። ጥንካሬውን እርሱት። ኤልኤንቢው መብራት ካገኘ ሳተላይት ባያይም ጥንካሬው ከፍ ብሎ ሊቆም ይችላል፣ የሚያሳየው በአብዛኛው የራሱን ጫጫታ ነው። ኳሊቲው ግን ወፍ የለም። የምታሳድዱት ኳሊቲውን ነው። መጀመሪያ አንድ ጠንካራ ፍሪኩዌንሲ ምረጡ፣ ከፍታውን አስተካክላችሁ ቡሎኑን ለስለስ አድርጋችሁ አጥብቁ፣ ከዚያ ሳህኑን ወደ ጎን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ቀስ ስል እውነቴን ነው። ባለ 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ የሚያየው የሰማይ ስፋት ወደ ሁለት ዲግሪ ገደማ ነው። አንድ ዲግሪ ማለት ደግሞ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ከአንድ ጣት ውፍረት አይበልጥም። ትንሽ ግፉ፣ እጃችሁን አንሱ፣ ሁለት ሰከንድ ጠብቁ፣ ምክንያቱም ሪሲቨሩ ቁጥሩን የሚያሳየው ዘግይቶ ነው። ፊት ለፊቱም አትቁሙ፤ ሰውነታችሁ ሲግናሉን ይከልለዋል።

ኳሊቲው ብቅ ሲል ደስ ብሏችሁ እንዳትወርዱ። መጀመሪያ ስካን አድርጋችሁ የመጡትን ቻናሎች ስም እዩ፤ ሳተላይቶቹ ጎን ለጎን ሁለት ሦስት ዲግሪ ብቻ ተራርቀው ስለሚቀመጡ የጎረቤቱን ይዛችሁ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው ከሆነ ግራ ቀኝ እያላችሁ ቁጥሩ መውረድ የሚጀምርበትን ሁለቱንም ጠርዝ ፈልጉና መሃሉ ላይ አቁሙት። ከፍታውንም እንዲሁ። በመጨረሻ ኤልኤንቢውን ራሱን መያዣው ውስጥ ጥቂት ግራና ቀኝ አዙሩት፣ የቁሙና የአግድሙ ሞገድ እንዳይቀላቀሉ ነው፤ ይህን ብዙ ገጣሚ ይዘለዋል። ቡሎኑን ስታጠብቁ ቁጥሩን እያያችሁ ይሁን፣ ሲጠብቅ ሳህኑ ትንሽ ይሸሻል። ምስሉ አሁንም ጥሩ ነው፣ ለምን ይህን ያህል እደክማለሁ የሚል ሰው ይኖራል። ዲጂታል ሲግናል እንደ ድሮው አናሎግ በረዶ እያሳየ አያስጠነቅቅም፤ እስከ መጨረሻው ጥሩ ነው፣ ከዚያ ድንገት ተቆራርጦ ይሞታል። ዛሬ ያተረፋችሁት ኳሊቲ በዝናብ ቀን የምትበሉት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሽቦው ልናገር፣ ይህ ለሁለቱም ይሠራል። በእኔ ግምት «ሳተላይቱ ጠፋ»፣ «ኬብሉ ተበላሸ» ከሚባለው ብልሽት አብዛኛው ሽቦው ጫፍ ላይ ያለችው ትንሿ ኮኔክተር ናት። አርጂ 6 የሚባለውን ባለ 75 ኦም ሽቦ ተጠቀሙ። ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉ፤ ሪሲቨሩ በዚያው ሽቦ ለኤልኤንቢው 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል፣ ጫፉ ሲነካካ ሪሲቨሩን ሊያቃጥለው ይችላል። የውጭውን ጥቁር ልባስ በቢላ ዙሪያውን ላጡ፣ የሽቦውን መረብ ወደ ኋላ እጠፉት። ከዚያ ነጩን ፕላስቲክ ላጡና መሃል ያለውን መዳብ አውጡ። ኮኔክተሩን ስትገጥሙት ነጩ ፕላስቲክ ከኮኔክተሩ ውስጠኛ ወለል እኩል መቆም አለበት፣ መዳቡ ደግሞ ከአፉ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ይውጣ። ከመረቡ አንዲት ፀጉር የምታህል ክር እንኳ መዳቡን ከነካች አለቀላችሁ፤ በፀሐይ አዙራችሁ ተመልከቱት። ሲጎተት የሚወልቅ ኮኔክተር ከሆነ ቆርጣችሁ ጣሉና እንደገና ሥሩ።

ውጭ ያለው ኮኔክተር ላይ የጎማ ኮፍያ ወይም ደህና ናስትሮ ይደረግ። ሽቦው ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ትንሽ ረገብ ብሎ ይውረድና እንደገና ይውጣ፣ ውሃው እዚያ ላይ ይንጠባጠባል። እንደዚያ ካልሆነ ውሃ መረቡን ተከትሎ ይገባና መዳቡን ያረነጉደዋል። ዝናብ ካባራ ከብዙ ሰዓት በኋላም ሲግናላችሁ የማይመለስ ከሆነ ደመናውን አትጠርጥሩ፣ ሽቦው ውስጥ ውሃ አለ። እንዲህ ያለ ሽቦ አይደርቅም፣ ይቀየራል። ርዝመቱም ከ30 ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ለሁለት ቴሌቪዥን የሚደረገው ነገር በዲሽና በኬብል ይለያያል፣ እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። ዲሽ ላይ ተራ ስፕሊተር፣ ማለትም አንዱን ሽቦ ለብዙ የሚከፍለውን ዕቃ፣ አታድርጉ። አንዱ ሪሲቨር 13 ቮልት ልኮ የቁሙን ሞገድ ሲጠይቅ ሌላው 18 ልኮ የአግድሙን ይጠይቃል፣ ኤልኤንቢው ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ሽቦ ሊሰጥ አይችልም። ሁለት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ ግዙና ለየክፍሉ የራሱን ሽቦ ዘርጉ። ኬብል ላይ ግን ስፕሊተር ትክክለኛው ዕቃ ነው። ሁለት ቦታ ሲከፈል ለእያንዳንዱ ከግማሽ ትንሽ ያነሰ ሲግናል ይደርሰዋል፤ አራት ቦታ ሲከፈል ከሩብ ያነሰ። ስለዚህ ለሁለት ክፍል ባለ አራት መውጫ አትግዙ። የቀድሞ ነዋሪ አልጋ ስር ወይም ኮርኒስ ውስጥ ትቶት የሄደ ስፕሊተር ካለ አውጡት። ክፍት የቀረ መውጫ ካለ የ75 ኦም መዝጊያ ግጠሙበት። ማጉያ መሣሪያ ልግዛ ለሚል ሰው፦ ማጉያ የተበላሸ ሲግናልን አያድንም፣ ጫጫታውንም አብሮ ነው የሚያጎላው።

ኬብል ሲቆራረጥ ለድርጅቱ ከመደወላችሁ በፊት ሪሲቨሩን ግድግዳው ላይ ካለው መውጫ ጋር በአጭር ሽቦ በቀጥታ አገናኙት። ከሠራ ጥፋቱ ቤት ውስጥ ነው፣ የእናንተ ነው። ካልሠራ የእነሱ ነው። ይህን ሞክራችሁ ስትደውሉ «አጥፍታችሁ አብሩት» የሚለውን ዙር ትዘልላላችሁ። የተወሰኑ ቻናሎች ብቻ ከጠፉም የትኞቹ እንደሆኑ ጻፉ፤ አንድ ላይ የሚጠፉ ቻናሎች ብዙ ጊዜ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የተሳፈሩ ናቸው፣ ቴክኒሻኑ ይህን ሲሰማ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

አንድ ብልሽት ግን የማንም ጥፋት አይደለም። በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት፣ ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች፤ ለጥቂት ቀናት በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለደቂቃዎች ሲግናሉ ይዋጣል። ኬብል ያለው ሰውም አያመልጥም፣ ድርጅቱ ራሱ ብዙ ቻናሎችን በዲሽ ስለሚቀበል። ምንም አትንኩ፣ ሻይ አፍሉ።

ከአንዱ ወደ ሌላው የምትቀይሩ ከሆነ አሮጌው ሽቦ ብዙ ጊዜ ያገለግላል፤ የሁለቱም 75 ኦም ነው። ሆኖም ከዲሽ ወደ ኬብል ስትሄዱ የዲሹን ሪሲቨር ከሽቦው ሙሉ በሙሉ አላቁ፣ ያ ቮልቴጅ ወደ ኬብሉ መስመር መግባት የለበትም። ከኬብል ወደ ዲሽ ስትመጡ ደግሞ መንገዱ ላይ ያለውን ስፕሊተር በሙሉ አውጡና ሽቦውን ቀጥታ አድርጉት።

ኢንተርኔቱስ የምትሉ ትኖራላችሁ። ስካይ እንኳ ከ2021 ጀምሮ ዲሽ የማይፈልግ ቴሌቪዥን እየሸጠ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ለዲሽም ለኬብልም ረጅም ውል አትፈርሙ፣ ወር በወር የሚሰጥ ካለ በትንሽ ጭማሪም ቢሆን እሱን ውሰዱ። ክፍያ ብታቆሙ ዲሹን አታውርዱት፣ ሳይቆለፉ በነፃ የሚተላለፉ ቻናሎችን ይቀበላል፤ የሚያስፈልጋችሁ ተራ ሪሲቨር ብቻ ነው። የድርጅቱን ሪሲቨር ስትመልሱ ሪሞቱንና አዳፕተሩን አብራችሁ ስጡ፣ የሴሪያል ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝም ተቀበሉ።